እትዬ ደርሷል የተቀመጠችበት ቀን

ሠርግ አዘጋጅ ነች። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አላት፤ አብረናት ከምንሠራው መካከል ግን በሱ የሚጠራት የለም። ሁሉም «እትዬ ደርሷል» ነው የሚላት። በሠርግ ቀን የሙሽራ ወገን ምን ቢጠይቃት መልሷ ያው ነዋ! «ኬኩስ?» ሲሏት «ደርሷል!» ትላለች፤ ኬኩ በዚያች ደቂቃ መንገድ ተዘግቶበት መኪና ውስጥ እየቀለጠ ነው። «ካሜራ ማኑስ?» ሲሏት «ደርሷል!» ካሜራ ማኑ ገና ጫማውን እያሰረ ይሆናል። ከዚያ ዞር ትልና ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ሸጉጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ያንን ካሜራ ማን ልክ ልኩን ትነግረዋለች።

ውሸታም ናት እንዳትሉብኝ፣ እጣላችኋለሁ። «በሠርግ ቀን የሚደነግጥ ሰው አንድ ይበቃል፤ እሱም እኔ ነኝ» ትላለች። ሌላው ሁሉ እንዲስቅ እሷ ትደነግጣለች። እውነትም ኬኩ ይደርሳል።

እኔ ዲኮር ሠሪ ነኝ። መጋረጃ እሰቅላለሁ፣ አበባ እደረድራለሁ፣ መሰላል ላይ ሆኜ እነጫነጫለሁ። ከእትዬ ደርሷል ጋር አብረን ስንሠራ ጸጉራችን ሸብቷል። እኩያዋ ስለሆንኩ «አንቺ» እላታለሁ፤ ሌላው ግን ይፈራታል።

የሷን ሥራ እንግዳ አያየውም። ወገቧ ላይ የምትታጠቀው ቦርሳ ውስጥ መርፌ ቁልፍ፣ ነጭ ክር፣ የራስ ምታት ክኒን፣ የቁስል ፕላስተርና ነጭ ጠመኔ አይጠፋም። ጠመኔው ቬሎ ላይ እድፍ ሲያርፍ ለመሸፈኛ ነው። ሙሽራ ቀኑን ሙሉ እህል እንዳልቀመሰች የሚያስታውስ ሰው የለም፤ እሷ ግን ሊፕስቲኳ እንዳይበላሽ ሙዝ በትንሽ በትንሹ ቆርሳ ታጎርሳታለች። የሁለቱን ወገን አጎቶች ኩርፊያ በሳቅ ትፈታለች። ከዚያ በመግቢያው በርና በመጋረጃው መካከል ካለችው ጠባብ ቦታ ትቆማለች። እጇን ስታነሳ ሙዚቃው ይጀምራል፤ እጇን ስታወርድ በሩ ይከፈታል። ሙሽራዋ ከገባች በኋላ ጀርባዋን አይታ፣ በረጅሙ ተንፍሳ፣ ወደ ኩሽናው ትሮጣለች።

አንዲት ልጅ አለቻት። ባሏ ልጅቷ ጥርስ ሳትነቅል ነው የሞተው። ሠርግ ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ የልጅ ሁሉ ደስታም ቅዳሜ ነው። የምትተዋት ሰው ስታጣ ይዛት ትመጣ ነበር። ልጅቷ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ዕቃ ቤት፣ የጠረጴዛ ልብስ ክምር ላይ ቁጭ ብላ በሩን በሩን ታያለች። «መጣሁ፣ የኔ እናት» ብላት የሄደች እናቷ የምትመለሰው እንግዳው ሲበተን ነው። እንቅልፍ ወስዷት ኮቴን ያለበስኳት ጊዜ ብዙ ነው። ስታድግ አንድም ቀን አማርራ አላየኋትም፤ እኔን የሚከነክነኝም እሱ ነው። የማያማርር ልጅ አንጀት ይበላል።

አድጋ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ያዘች፤ ደግ ልጅም አገኘች። የሠርጓ ቀን ሲቆረጥ እናቷ ሰማይ ልትቧጥጥ ተነሳች። ቤቷ ተቀምጠን የጨርቅ ቀለም ስንመርጥ ልጅቷ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እማ፣ አበባውም ኬኩም ባይኖር ግድ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስገባ ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ልይሽ። የሰው እናት ሁሉ ትቀመጣለች።»

«እቀመጣለሁ! ምን ቆርጦኝ ነው የማልቀመጠው?»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ አደራ» አለችኝ። አደራ ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ በላሁት ብትል እንኳ ጉሮሮህ ላይ ይቀራል።

ለሠርጉ ቀን እንግዲህ አዘጋጁ እኔ ሆንኩ። ቦርሳዋን ከወገቧ ፈትታ፣ ጥርሷን እንደምትነቀል ሰው ፊቷን አጨማዳ አስረከበችኝ። «ወንበሩን ብቻ እኔው ልደርድርና ከዚያ እጄን አወጣለሁ» ብላ ዋዜማውን ሙሉ ስትደረድር አመሸች። እኔም የሷን እጅ ስለማምን ዳግም አላየሁትም።

በማግስቱ ገና ሰው ሳይገባ፣ ያን የመሰለ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ኩሽና በር ላይ አገኘኋት።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ውሃ ልጠጣ።»

«ውሃ ለመጠጣት የብርጭቆ ሳጥን ይቆጠራል?»

ዋናዋ ወጥ ቤት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጀርባዋን ሰጠችን። እየገፋሁ አስወጣኋት። ትንሽ ቆይቶ ዲጄውን ስታዝ ደረስኩባት። ልማድ ሲሰለጥን ተፈጥሮ ይሆናል፤ ምን ላድርጋት?

ሙሽሮቹ በሩ ላይ ሲደርሱ «በይ አሁን ሂጂና ተቀመጪ» ብዬ በጎን በር ወደ አዳራሹ ሰደድኳት። እኔም የሷ ቦታ፣ መጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። ወዲያው ተመልሳ አጠገቤ መጣች።

«ምነው?»

«ምንም። ገብታ ስትጨርስ እቀመጣለሁ።»

ፊቷ ልክ አልነበረም። በመጋረጃው ቀዳዳ ወደ ፊት አየሁ። የሙሽራው አባትና እናት ተቀምጠዋል። በእኛ ወገን የልጅቷ አጎት አለ፣ አክስቷ አለች፣ የክርስትና እናቷ አለች። ባዶ ወንበር ግን የለም። ክው አልኩ።

«ወንበርሽ የታለ?»

«አላስቀመጥኩም» አለች። «ሁልጊዜ የሙሽራዋ እናት መጥታ ‹የኔ የቱ ነው?› ትለኛለች፤ ያኔ ነው የማስቀምጥላት። አሁን የጠየቀኝ ሰው የለማ!»

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲባል ሰምቻለሁ። ይህን ያህል ግን አልመሰለኝም ነበር። ተናደድኩባት፤ ከመናደዴ ብዛት ላቅፋት ቃጣኝ።

«ዝም በል፣ እንዳትነግራት» አለችኝ። «ሰው ብዙ ነው፤ አታስተውልም።» ይህን እያለችኝ እጇን አነሳች፤ ሙዚቃው ጀመረ። አወረደች፤ በሩ ተከፈተ። እጇ እሷን እንኳ አላስፈቀደም።

ልጅቷ ከሙሽራው ጋር ብቅ አለች፤ ዓይኗም ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ሄደ። ፈለገች፤ ደግማ ፈለገች። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋና ቀጥ ብላ ቆመች። አዳራሹ ሙሉ አጨብጭቦ፣ ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ፣ አቆመ። እሷ የእናቷን ቦታ መች አጣችው! ወደ ጎን ዞራ መጋረጃውን ገለጠችው።

«እማ።»

«ግቢ፣ የኔ ቆንጆ፣ ግቢ። ቀሚስሽን እንዳትረግጪ።»

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር።»

«ረሳሁት፣ ልጄ። የሰው ወንበር ስደረድር የራሴን ረሳሁት።» እጆቿን የምታደርግበት አጥታ ያን የቬሎ ጠርዝ ልታስተካክል ጎንበስ አለች። «እንግዶቹ እየጠበቁ ነው እኮ! ግቢ እንጂ!»

ልጅቷ የእናቷን እጅ ከቀሚሱ ላይ አንስታ ያዘች።

«ይጠብቁ» አለች፣ ቀስ ብላ። «እኔ ስንት ቅዳሜ ጠብቄሻለሁ።»

ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት ይሻል ነበር። ሙሽራው፣ ምስኪን፣ የቬሎውን ጭራ በእቅፉ እንደያዘ «ጋሼ፣ ወንበር ከየት ይገኛል?» አለኝ። የሰው ልጅ ማለት እሱ ነው።

እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ ኩሽና ሮጥኩ። ዋናዋ ወጥ ቤት በፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች። «ተነሽልኝ!» አልኳት። «እንደ ጤናህ?» ብትልም ተነሳች። ልጣጩን አራገፍኩና ወንበሩን ከራሴ በላይ አንጠልጥዬ በአዳራሹ መሃል፣ በዚያ ሁሉ ሱፍ ለባሽ ፊት፣ ሰተት ብዬ ሄድኩ። ከዚያ ሁሉ ነጭ ልብስ ከለበሰ ወንበር መካከል የኔ ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው። የሙሽራው እናት ምንም ሳትጠይቀኝ ነገሩ ገባት፤ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝና የራሷን ሻርፕ ከትከሻዋ አውልቃ በፕላስቲኩ ላይ አነጠፈችው።

እትዬ ደርሷል ብቻዋን መጣች። ያን ሁሉ ዘመን በግድግዳ ጥግ ነው የምትሄደው፤ በምንጣፉ መሃል መሄድ አታውቅበትም። መጥታ በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔም ብድግ ካለች ትከሻዋን ልይዝ ከኋላዋ ቆምኩና ሙዚቃውን እንደገና እንዲጀምር ለዲጄው እጄን አነሳሁ።

ልጅቷ ገባች። አሁን ዓይኗ የሚፈልገው ነገር አልነበረም፤ ካገኘበት ሳይነቀል መጣ። እኔ «የቬሎው ጫፍ ተጠማዝዟል» ወይም «ሙዚቃው በዛ» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ክንዴን ጨበጠች።

«ሙሽራ ስትገባ ከፊት አይቼ አላውቅም እኮ» አለችኝ። እንባዋ እየወረደ አትጠርገውም። «ሁልጊዜ የማየው ዚፓቸውን ነው። ፊታቸው እንዲህ ያበራል እንዴ?»

«አያበራም» አልኳት። «ይቺ እናቷን አይታ ነው።»