በሌላ ሰው ስም የከፈትኩት ፎልደር

ለንደን ውስጥ፣ ኤድመንተን ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ስሠራ፣ ማን ምን እንደማይበላ የሚነግረን ዝርዝር ኮምፒውተር ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ሁሉም ክፍል በጋራ የሚከፍተው ፎልደር ነው። እኔ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን የት እንደምጫን ዓይኔ ለምዶታል፣ የምግቦቹንም ስም እለያለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ ኮምፒውተሩ መልኩ ተለውጧል። ለካ ቅዳሜና እሁድ አፕዴት ተደርጎ ኖሯል። ፎልደሩን ስጫነው ስምና ፓስወርድ ጠየቀኝ። ጻፍኩ። ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ደገምኩ፤ ያው ቀይ።

ሌላ ቀን ቢሆን አልደነግጥም፣ የነባሮቹን ምግብ በቃሌ አውቀዋለሁ። እሁድ ከሰዓት ግን አንድ አዲስ ሽማግሌ መጥተዋል። ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው ተይዟል፤ ቢጠየቁም አይመልሱ። ኃላፊዋ ሌላ ታማሚ ይዛ ሆስፒታል ሄዳለች፣ ቢሮዋም ተቆልፏል። ተረኞቹ ነርሶች፣ «ፎልደሩ ላይ አለልሽ» ብለውኝ አለፉ። ክፈቱልኝ ማለቱን ፈራሁ። ለምሳ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ዓሣው በእንቁላል ተለውሶ ሊጠበስ ነው።

ለልጄ ደወልኩ። እዚሁ የተወለደች የኮሌጅ ተማሪ ናት።

«እማዬ፣ ሪስታርት አድርጊው።»

«ሁለቴ አደረግኩት እኮ!»

«እንግዲያ ጠበል እርጪው!» ብላ ሳቀች። ምሳ መድረሱን ስነግራት ሳቋን አቆመች። «ቆይ፣ በማን ስም ነው የምትገቢው?»

ስልኩን ዘጋሁባት።

ስቀጠር የራሴን ስምና ፓስወርድ በፖስታ አሽገው ሰጥተውኝ ነበር። ሳልከፍተው ቦርሳዬ ውስጥ ሸጎጥኩት። አባቴን ታጣቂዎች ከቤት የወሰዱት ስሙን ከዝርዝር ላይ አንብበው ነው፤ ልጅ ሆኜ፣ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስሜ የሚሰፍርበትን ነገር ሁሉ እሸሻለሁ። አብራኝ የምትሠራ ያገሬ ልጅ፣ «በእኔ ስም ግቢ፣ ምን ቸገረኝ» አለችኝ። እሷ ሥራውን ለቃ ባተርሲ ሌላ ሥራ ከገባች ወራት አልፈዋል፤ እኔ ግን በስሟ ስገባ ከረምኩ።

ምን ይደረግ፣ ኮምፒውተር ለሚጠግነው ሰውዬ ደወልኩ።

«ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ከሌላው ኮምፒውተር ይከፈታል» አለ። «በማን ስም ነው የገባሽው?»

የጓደኛዬን ስም ነገርኩት።

«እሷ እኮ ለቃለች። የለቀቁትን ሁሉ ከአፕዴቱ ጋር ሰርዘናል። አንቺ ማን ነሽ?»

ቢያባርሩኝ ልጄን ምን ብዬ ነው የማሳድራት? ስልኩን ልዘጋም አስቤ ነበር። ዓይኔ የሽማግሌውን የክፍል ቁጥር የያዘው ሳህን ላይ አረፈ። ከሳህኑ አጠገብ የተለወሰው ዓሣ ተደርድሯል።

ስሜን ነገርኩት፣ ፊደል በፊደል። ፖስታውን ቀድጄ የሚለኝን ጻፍኩ። ተከፈተ።

የሽማግሌውን ክፍል በጣቴ ፈለግኩ። እንቁላል ፈጽሞ እንዳይቀርብላቸው፣ አለርጂ አለባቸው፤ በትልቁ ተጽፏል። ለእሳቸው ሌላ ድስት ጥጄ፣ ያልተለወሰ ዓሣ ከድንች ጋር ቀቀልኩ። ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ።

ከሰዓት ኃላፊዋ አስጠራችኝ። በሰው ስም በመግባቴ ማስጠንቀቂያ ጽፋ፣ «ስምሽን እዚህ ጻፊ፣ ፈርሚ» አለችኝ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። አላባረረችኝም።

አሁንም ጠዋት ጠዋት በራሴ ስም ነው የምገባ። ግን ስሜን ጽፌ እስክጨርስ በሩን አየዋለሁ።