ሰው አለኝ የተባለው ውሻችን

ከእርጥብ ጸጉር ጋር የተቀላቀለ የነጭ ጋዝ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲመጣብኝ እጄ አርፎ መቀመጥ ያቅተዋል፤ የሚቦርሸው ነገር ይፈልጋል። ወዲያው አቃቂ በሰቃ ያለው የልጅነት ግቢያችን፣ የተሰነጠቀው ሳፋ፣ ከሳፋው ዘሎ ለመውጣት የሚያሰፈስፈው ቀይ ውሻችን ይመጡብኛል።

ስሙ ሰው አለኝ ነበር። አባቴ በሞተ ዓመት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በአጥር ድንበር ከእናቴ ጋር ተጋጭተው፣ ቦኖ ውሃ ሰልፍ ላይ «ሰው የሌላት ሴት ምን ያንጠራራታል?» ማለታቸው እናቴ ጆሮ ደረሰ። እናቴ አፍ ለአፍ መካሰስ አትወድም ነበርና፣ በዚያው ሰሞን ያገኘነውን ቡችላ ሰው አለኝ ብላ ሰየመችው። በእኛ አገር የውሻ ስም ለውሻው ብቻ አይወጣም። ፍርፋሪ ይዛ በጠራችው ቁጥር መልሷን በአጥሩ ላይ ትወረውር ነበር፤ እትዬ ዘነበችም ነገሩ ገብቷቸው «ያ ውሻ» ከማለት በቀር ስሙን በአፋቸው አያነሡም ነበር።

ጸጉሩ አጭር ስለነበር ሰፈርተኛው «መላጣ ምን ይበጠራል?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔ ግን የምቦርሸው ፈርቼ ነው። ክረምት ሲወጣ ባለቤት የላቸውም ለሚባሉ ውሾች መርዝ ያለበት ሥጋ የሚጥሉ ሰዎች በሰፈሩ ይዞሩ ነበር። እናቴ «ንጹሕ ውሻ ጌታ እንዳለው ያስታውቃል» ብላኝ ወደ ፋብሪካው ፈረቃዋ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ልቤ አያርፍም። ክረምቱን ሙሉ በጣቶቹ መሃል የተጋገረውን ጥቁር ጭቃ በስንጥር እየፈለቀቅሁ፣ ጆሮው ሥር የተጣበቀውን መዥገር ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ እያላቀቅሁ፣ በአሮጌ የልብስ ብሩሽ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ እፈትገው ነበር። እሱም አንዱን እግሩን ስይዝ በቀሩት እየተንፈራገጠ፣ ውሃውን ፊቴ ላይ እያራገፈ ያለፋኝ ነበር። ሁለታችንም ዕረፍት አልነበረንም።

መስከረም ጠባና አንድ እሑድ ጠዋት፣ እናቴ ሥራ ገብታ፣ ሳሙና ቀብቼው ሳለ የመኪና ክላክስ አስደንግጦት ከእጄ አፈተለከ። በአጥሩ ሥር ሾልኮ፣ አረፋውን በጭቃ ለውሶ፣ ጌታ ያለው ሳይሆን የቆሻሻ ገንዳ ውሻ መስሎ መንገድ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ባልዲ የያዙ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ አንደኛው እጁን ባልዲው ውስጥ ከትቷል። ልጠራው አፌን ስከፍት ከኋላዬ ሌላ ድምፅ ቀደመኝ።

«ሰው አለኝ! ና፣ ሰው አለኝ!»

ዞር ስል እትዬ ዘነበች ናቸው። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ነበር። ውሻው ስሙን ሲሰማ ወደ እሳቸው ሮጠ፤ እሳቸውም ጭቃውን ሳይጸየፉ አንገቱን በነጠላቸው ጠምጥመው ያዙት። ባለ ባልዲው የማን እንደሆነ ጠየቃቸው።

«የእኛው ነው» አሉት፤ «ሰው አለው።»

ውሻ የታከከውን ነጠላ ለብሰው ቅዳሴ መግባት አልሆነላቸውምና፣ ውሻውን ለእኔ አስረክበው ከመንገድ ተመለሱ።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ ነገርኳት። «በስሙ ጠሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አጥሩን ዞራ ሄዳ፣ ነጠላውን ተቀብላ መጥታ፣ በገዛ እጇ እስኪነጣ አጠበችው። ስለ ድንበሩ ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ ሲያወሩ አልሰማሁም። በጋ ሲገባና በመንገዱ የሚያልፉት ከባድ መኪናዎች አቧራ ውሻውን ሲያለብሰው ግን፣ እትዬ ዘነበች አጥሩን ተደግፈው «ጀርባውን ረሳሽው» ይሉኝ ነበር።

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። የአሁኑም ውሻችን ጸጉሩ አጭር ነው፤ ልጄ በላስቲክ ጓንት ስታሸው ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል። ክትባት አለው፣ የአንገት ማሰሪያ አለው፣ ስሙም ማክስ ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም። እኔ ግን በሩ ገርበብ ብሎ ባየሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። አምልጦ ደረጃውን ቢወርድ በስሙ የሚጠራው ጎረቤት የለም። እኔም ብሆን የፊት ለፊቷን ጎረቤቴን ስም አላውቀውም።