ከመኪናው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር

አዲስ ብርድ ልብስ ከላስቲኩ ሲወጣ የሚሸት ሽታ አለ፤ ናፍታሊንና ፕላስቲክ የተቀላቀለበት፣ አፍ ውስጥ ገብቶ ምላስ ላይ የሚቀመጥ። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ባሉት ሱቆች በኩል ሳልፍ ይሄ ሽታ ካገኘኝ ምራቄን መዋጥ ያቅተኝና ወደ መንገዱ ማዶ እሻገራለሁ። ድሮም አልወደውም ነበር፤ ወንድሜ ዮናስ ባለፈው ክረምት ከሞተ ወዲህ ግን ባሰብኝ። ለምን እንደሆነ ልጻፈው። እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም፣ ብቻ ልጻፈው።

ዮናስ በአራት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። የልብ በሽታ ነበረበት። ጋደም ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው ጀርባውን በትራስ አስደግፎ፣ ቁጭ እንዳለ ነበር የሚተኛው። ልጆች ሳለን፣ በግንቦት ሙቀቱ ቤት አላስቀምጥ ሲለን አልጋውን ወደ በረንዳ እናወጣለት ነበር፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ የደሴን መንገድ እያዳመጠ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል የመጣውን መኪና ከፍሬኑ፣ ወደዚያ የሚወጣውን ከሞተሩ እየለየ፣ «ይሄ አይሱዙ ነው፤ ሽንኩርት ጭኗል» ይለኝ ነበር። ሮጬ አይቼ ስመለስ ብዙ ጊዜ ልክ ነበር። አንዳንዴ ባዶ መኪና አይቼም «ሽንኩርት ነው» እለው ነበር።

ክረምት ገብቶ የሮቢ ወንዝ በሞላ ሰሞን፣ እማዬ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስትጠብቅ ካገኘቻት ሴት ስለ አንዲት ከተማ ሰማች። ከክልላችን ድንበር ማዶ፣ በቆላው መንገድ የምትገኝ፣ ካቶሊኮች የሚበዙባት ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ጥፋቱ የሷ አይደለም። በኅዳር ሕመምተኛ ከየአገሩ ተሰብስቦ የማርያምን ቤተ ክርስቲያናቸውን ይሳለማል፣ ማልዶ የወጣ ሰውም በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል አለቻት። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፣ መኪና የለንም፣ እማዬ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ ባለሱቋ፣ ይህን ሲሰሙ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ካቶሊክ ዘንድ? የኛዋ ምን አጠፋች?»

«ያቺም ማርያም ናት፣ እትዬ» አለቻቸው እማዬ።

«እንግዲህ ሃይማኖትሽን አስለውጠው እንዳይሰዱሽ።»

በመስከረም ግን እኒሁ እትዬ አስካለ ባላቸውን ጋሼ ተፈራን አስከትለው መጡ። ጋሼ ተፈራ ሚኒባስ ነበራቸው። ልጁን ራሳችን ወስደን እንመልሰዋለን፣ ነዳጁም በኛ ነው አሉ። እማዬ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ያ ጎንበስ ማለቷ ትዝ እንዲለኝ አልፈልግም።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን እየመጡ ጉዞውን ያቅዱ ነበር። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ዳቦውን ማን እንደሚደፋ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ይነጋገራሉ፤ እትዬ አስካለ ካቶሊክ አገር የተጋገረ ነገር አልቀምስም እያሉ፣ ጋሼ ተፈራ ደግሞ «አንቺ ያየሽውን ሁሉ ትቀምሻለሽ» እያሉ ያበሽቋቸው ነበር። ስለ ማርያም ግን ብዙ አልተወራም። አንድ ነገር ብቻ በየሳምንቱ ይደጋገም ነበር፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ኬላው ላይ ጥብቅ ፈታሾች ስለሚገቡ ከዚያ በፊት ማለፍ አለብን ይሉ ነበር።

የዮናስ ዕቅድ ሌላ ነበር። በእግሩ ሊገባ ነበር የፈለገው። «ተሸክማችሁ አታስገቡኝም፤ ከመኪናው እስከ በሩ ራሴ ነኝ» አለና፣ ፀሐዩ በረድ ሲል እኔን አስከትሎ ከደጃፋችን እስከ ኒሟ ዛፍ መለማመድ ጀመረ። እሱ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ይሄዳል፣ እኔ ቢጫ ጀሪካን ይዤ እከተላለሁ፣ ሲደክመው ጀሪካኑ ላይ ቁጭ ይላል። መጀመሪያ ሃያ እርምጃ አልዘለቀም። ጥቅምት ሲያልቅ፣ ኒሟ ጋ ደርሶ እየተመለሰ፣ ሳይቀመጥ መቶ ሃያ ደረሰ። እግሩ ስለሚያብጥ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳያጎነብስ የሚያወልቀውን ጫማ ሳይቀር አዘጋጅቶ ነበር፤ የአባታችንን ሰፊ ነጠላ ጫማ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም።

አንድ እሑድ ጋሼ ተፈራ የዮናስን ፍራሽ በስንዝር ሲለኩ ደረስኩ። «ዐሥራ ሁለቱ ከሥሩ ይገባል» አሉ። ሚስታቸው «ከፍ አይልም?» ሲሏቸው፣ «በሽተኛ የተኛበትን ማን ያስነሳል?» ብለው ፍራሹን መታ መታ አደረጉት። ያቺ ከተማ ገበያዋ ቀረጥ ያልተከፈለበት ብርድ ልብስ ይገኝበታል። በኛ ሙቀት ማንም አይለብሰውም፤ ደብረ ሲና ወጥቶ ብርዱ ላይ ነው የሚሸጠው። ካቶሊኩም ማርያምም ያን ያህል የቀረቧቸው ለካ ለዚህ ነው። ከዚያ ጋሼ ተፈራ ወደ እኔ ዞረው «ና እስቲ ጎረምሳው፣ እግርህ ስንት ቁጥር ነው? ጫማ እንግዛልህ እንጂ» አሉኝ።

«ሠላሳ ሦስት» አልኳቸው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ነገሩ ገብቶኛል። ገብቶኝ ነው ቁጥሬን የነገርኳቸው።

ለእማዬ ልነግራት ጓዳ ስገባ፣ የፍራሹን ልብስ ተርትራ፣ በጎኑ ጨርቅ እየቀጠለች ታሰፋው ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፣ ምንም ሳልጠይቃት «ሌላ መኪና ማን ይሰጠናል?» አለችኝ፣ ተመልሳ መርፌዋን ያዘች።

በኅዳር፣ ሲነጋጋ ወጣን። ድንበሩን አልፈን ረፋዱ ላይ ከተማዋ ስንደርስ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ገበያው ነበር፤ «አንድ አፍታ» ነው የተባለው። ዮናስና እማዬ በቆመው ሚኒባስ ውስጥ፣ ዝንብ እየወረራቸው፣ ባልና ሚስቱ ብርድ ልብስ እየገለጡ ሲከራከሩ ስምንት ሰዓት አለፈ። ዕቃው ፍራሹ ሥር ከተደረደረ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል መጥተው ከመንገዱ ዳር አቆሙ። ሞተሩን ግን አላጠፉትም።

ዮናስ በሩን ከፍቶ እግሮቹን አውጥቶ ነበር። ነጠላ ጫማውን አድርጓል። የቤተ ክርስቲያኑ በር ክፍት ነው፣ ውስጥ የበራው ሻማ ይታያል፣ በነጭ የለበሱ ሴቶች ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል።

«ሰዓት የለንም» አሉ ጋሼ ተፈራ። «ከመኪናው ሆኖ ይሳለም።»

«አምስት ደቂቃ፣ ጋሼ» አለች እማዬ።

«በሱ አረማመድ አምስት ደቂቃ ነው?»

ዮናስ መንገዱን በዓይኑ ሲለካ ቆይቶ «ከመቶ አይበልጥም፣ ጋሼ» አላቸው።

እሳቸው ወርደው እግሮቹን ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ዕቃ ወደ ውስጥ መለሷቸው። «ለከርሞ፣ የኔ ልጅ። እሷ ከሩቅም ታያለች» አሉት። በሩ ተዘጋ። እማዬ በመስኮቱ በኩል አማተበች። እኔ የጫማ ካርቶን አቅፌ ተቀምጬ ነበር።

ኬላው ሲቃረብ እትዬ አስካለ ትራሶቹን ከዮናስ ጀርባ አወጡ፤ የተኛ መምሰል ነበረበት። በጀርባው ተንጋለለ። ትንፋሹ ወዲያው ተቆራረጠ፣ ከንፈሩ ጠቆረ፣ እጁ አየሩን ይዞ መነሳት የፈለገ ይመስል ነበር። ፈታሹ ወጣት ልጅ ነው። አጎንብሶ አየው፣ ቆቡን አወለቀ፣ «ማርያም ትማርህ ወንድሜ» ብሎ በሩን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ካለፍን በኋላ እማዬ አቅፋ አስነሳችው። ከፊት ግን ሳቅ ሰማሁ። ጋሼ ተፈራ መሪውን መታ አድርገው «አያችሁት? እንዲህ አድርጎ ማን ይሠራዋል?» አሉ። ያን ጊዜ ዮናስ አስመለሰው። እትዬ አስካለ ዘለው ተነሡ፤ ልጁን የሚይዙ መስሎኝ ነበር፤ «ብርድ ልብሱን! ብርድ ልብሱን!» እያሉ የፍራሹን ጠርዝ ገልጠው ከሥሩ ይጎትቱ ጀመር። ትውከቱና ናፍታሊኑ ተቀላቅለው ሸተቱኝ። እስከ ዛሬ አልተለያዩልኝም።

በማግስቱ ዮናስ አዲሱን ጫማዬን አይቶ «ያምራል» አለኝ። ጣቴ በስቶት እስኪወጣ ድረስ አደረግሁት። ይሄንን ነው እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት።

ከርሞ የተባለው አልመጣም። ሚኒባሱ ከዚያ በኋላም ድንበር ማዶ ተመላልሷል፤ የማንን በሽተኛ ይዞ እንደሆነ አላውቅም። ዮናስ ወደ ኒሟ መለማመዱን ተወው፣ ጀሪካኑም ውሃ መቅጃ ሆነ።

ባለፈው ክረምት፣ ለቅሶው ላይ፣ ጋሼ ተፈራ አርጅተው፣ በምርኩዝ መጡ። ሰው በተሰበሰበበት «እኛ እንኳ ከአቅማችን አላጓደልንም፤ ድንበር ተሻግረን ማርያም ድረስ ወስደነዋል» አሉ። ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀላቸው። እማዬም «እግዜር ይስጥልን» አለቻቸው። እኔ ከድንኳኑ ወጥቼ ግንቡን ተደግፌ ቆየሁ። እሳቸውን ብቻ የተጸየፍኩ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ሁሉ ቀሏል። ማንንም መለመን የለም፣ በቀን ሁለቴ አውቶቡስ አለ፣ ከማቆሚያው ወደ ገበያውም ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ባጃጅ ይወስዳል። ዘንድሮ በኅዳር ብቻዬን ሄድኩ። ባጃጁን ያ ሚኒባስ የቆመበት ቦታ ላይ አስቁሜ ወረድኩና፣ እንደ ዮናስ አጠር አጠር አድርጌ እየተራመድኩ፣ እስከ በሩ ቆጠርኩ።

ሰባ ስምንት ነው።