ተጠያቂዋ እናቴ

ብርጭቆ መሬት ላይ ሲከሰከስ እኔ የምሰማው ብርሌ ሲሰበር ነው። ፒያሳ ባለችው መጠጥ ቤታችን አሳላፊዋ አንድ ብርጭቆ ካመለጣት፣ ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ ሳላስበው ዓይኔን በእጄ እከልላለሁ፣ የጌሾና የደም ሽታም ተደባልቆ አፍንጫዬን ይሞላዋል። ፈሪ ሆኜ አይደለም፤ ጎንደር ውስጥ እኔን ፈሪ የሚል ሰው ገና አልተወለደም።

ያደግሁት ቅዳሜ ገበያ አጠገብ፣ በእናቴ በወይዘሮ ጥሩነሽ ጠጅ ቤት ነው። አባቴ በሕፃንነቴ ስለሞተ ቤቱ የሷና የኔ ብቻ ነበር። የገባ ሁሉ ዱላውን በር ላይ አስደግፎ ይገባ ነበር፣ የቤቱ ደንብ ይህ ነበርና፤ ጡጫና ጥርስ ግን በር ላይ አይቀመጥም። አንድ አናጢ የባልንጀራውን ጆሮ ነክሶ ሲጎምድ አይቻለሁ፣ ሌላው የገዛ ጥርሱን ከጠጁ ጋር ብርሌው ውስጥ ሲተፋ አይቻለሁ። እናቴ ተደባዳቢዎቹን አንገታቸውን ይዛ እየገፋች ታስወጣ ነበር፣ እኔም ደሙ ላይ አመድ ነስንሼ እጠርግ ነበር።

አንድ ክረምት እናቴ ከማዘጋጃ ቤት የመጠጥ ፈቃድ አወጣች። ወረቀቱን በመስተዋት አስገብታ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጎን ሰቀለችውና ጠዋት ጠዋት ለሁለቱም እጅ ትነሣ ነበር። እኔ ፊደል የለየሁት በዚያ ወረቀት ነው። የጎረቤታችን ልጅ ተማሪ ነበረችና በአጥር ቀዳዳ ስታጠና እያየሁ፣ ያየሁትን ፊደል ወረቀቱ ላይ እየፈለግሁ፣ ዝናቡ ሳያባራ ንባብ ጨረስሁ። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንንም አልጠየቅሁም።

መስከረም ጠብቶ ጠጪው ሲመለስ አግዳሚ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው።

«ሰክሮ ለመጣ ሰው መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው።»

«እንግዲያ ጨዋ ሆነን ገብተን ሰክረን እንውጣ ነዋ!» አለ ሥጋ ሻጩ አያ ካሳ፣ ቤቱም በሳቅ ተናጋ።

«በቤቱ ውስጥ ለሚነሳ ጠብና ጉዳት ባለፈቃዷ ተጠያቂ ናት።»

እናቴ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ቆመች። «ምንድን ናት አልህ?»

አላወቅሁትም። ሁለት ቤት አልፎ መሪጌታ ነበሩ፣ ሮጦ መጠየቅ ይቻል ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ እያየኝ «አላውቅም» ልበል? «ተጠያቂ ማለት» አልሁ ደረቴን ነፍቼ፣ «ሰው ሁሉ የሚጠይቃት፣ ያለሷ ቃል ምንም የማይደረግ፣ የቤቱ እመቤት ማለት ነው።»

የእናቴ ፊት እንዴት እንደበራ! ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ «እኔን ጠይቅ! ወረቀቱ ተጠያቂ ብሎኛል!» ትል ነበር። አዲሱ ማር በገባበት በኅዳር ወር ሁሉ ይህ ቃል ከአፏ አልወረደም።

በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ አያ ካሳ ከሠርግ ቤት ሰክሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ መጣ።

«እማዬ፣ ሰክሯል፣ ወረቀቱ ይከለክላል» አልሁ።

«ዝም በል አንተ የወረቀት ጌታ!» አለኝና ወደ እናቴ ዞሮ ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሣ። «እትዬ ጥሩ፣ ተጠያቂዋ አንቺ አይደለሽ? ይኸው ጠየቅሁሽ። አንድ ብርሌ።»

እናቴ በሰው ፊት ተጠየቀች፣ ደስም አላትና ቀዳችለት።

እሱ ዘወትር የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ከእንፍራንዝ ማር የሚያመጣልን አያ ውቤ ተቀምጦ ነበር።

«ተነስ አንተ ማር ቆራጭ፣ የኔ ቦታ ነው።»

«ምነው አያ ካሳ፣ መደቡንም እንደ በሬ ገፈህ ነው ያመጣኸው?»

ቤቱ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አያ ካሳ ብርሌውን ግድግዳ ላይ አጋጭቶ፣ የብርሌውን አንገት እንደጨበጠ ስባሪውን አያ ውቤ ፊት ላይ ሰካው። ሰውየው ዓይኑን በሁለት እጁ ይዞ እንደሚታረድ በግ ጮኸ፣ በጣቶቹ መሃል የሚወርደውም ደም ብቻ አልነበረም። እኔ ከአግዳሚው ዘልዬ አያ ካሳ ጀርባ ላይ ወጥቼ ማጅራቱን ነከስሁት፣ ያን ያህል ትልልቅ ሰው ቆሞ ሲያይ የዘለልሁ እኔ ብቻ ነኝ። አሽቀንጥሮ ከጋኑ ጋር አላተመኝና ክንዴ ተሰበረ። ስባሪውን ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ እናቴ የበሩን መወርወሪያ አንስታ የእጁን አንጓ መታችው፣ አጥንቱ ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ሲወድቅም ደገመችው።

ሁለት ፖሊሶች ገቡ። አንደኛው ወለሉን አይቶ «የዚህ ቤት ተጠያቂ ማን ነው?» አለ።

እናቴ እስከ ክርኗ በደም ርሳ ነበር። መወርወሪያውን ጣለችና ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንደ መኩራት ብላ ወደ እኔ አይታ፣ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ተጠያቂዋ እኔ ነኝ» አለች።

ሁለት እጇን ይዘው ወሰዷት።

ሁዳዴ ገባ። ፈቃዱም ተነጥቆ ከቅዱስ ሚካኤል ጎን ጭስ ያልነካው ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ። የተሰበረ ክንዴን በአንገቴ አንጠልጥዬ ያስጠጋችኝ አክስቴ የሠራችውን ሽሮ ይዤ ወህኒ ቤት እሄድ ነበር። በር ላይ ዘበኛው «ምን ፈለግህ?» ሲለኝ «እናቴን ልጠይቅ» እል ነበር። መጀመሪያ ቀን ፊቷ ስቆም የ«ተጠያቂን» ፍቺ እዚያ አስተምረዋት ነበርና ሁሉን አውቃለች። እሷ ግን ሳቀች።

«አልዋሸህም ልጄ» አለችኝ። «ይኸው ተጠያቂ ሆኜ፣ አንተም ጠያቂዬ ሆንህ።»

አጥንቴ ሲሰበር ያላለቀስሁ ሰው እዚያ አለቀስሁ።

በሚቀጥለው ክረምት ተፈታች፣ ጠጅ ግን እስክትሞት ዳግም አልጣለችም። አንድ ቀን እንኳ «ለምን እንዲያ አልኸኝ?» ብላ አልጠየቀችኝም።

ዛሬ የመጠጥ ቤት ሕግ ከኔ ይበልጥ የሚያውቅ ፒያሳ ውስጥ የለም። ከሃያ አንድ ዓመት በታች ላለ አይሸጥም፣ ሰክሮ የመጣ አይስተናገድም፣ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ሳይቀሩ እየመጡ ይጠይቁኛል። ልጄ ፈቃዱን በስሟ ልታወጣው ብትል እንቢ ብዬ በስሜ አስጽፌዋለሁ። ብርጭቆ ሲሰበርና ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር፣ ጋቢዬን አስተካክዬ እነሣለሁ። እናቴ ቃሉን ሳታውቀው ቀጥ ብላ ቆመች፤ እኔ አውቄው የምቆመው ግድግዳ ተደግፌ ነው።