ከቅቤው ቅል ጋር የፆመው ጨዋታ

ልጄ ስልኩ ላይ የሚጫወተው ነገር አለ። አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን በከበሮ ምት እየዘለለች ትሮጣለች፤ እሱ በአውራ ጣቱ ነካ ያደርጋታል፤ ምቱን ከሳተ ትሰባበርና እንደገና ከመጀመሪያው። ትልቅ ኩባንያ አይደለም የሠራው፣ ሁለት ጓደኛሞች ቤታቸው ቁጭ ብለው የሠሩት ነው ይለኛል፣ የራሱ ጓደኞች ይመስል እየኮራ። ጨዋታው ለእኔ አይገባኝም። ድምፁ ግን፣ ያ ጢቅ ጢቅ ጢቅ የሚለው፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ በመጣ ቁጥር ቅባቱ ያልለቀቀ የበግ ጠጉር ይሸተኛል። እውነቴን ነው የምልህ። ቤቴ ውስጥ የበግ ጠጉር ከጠፋ ስንት ዘመኑ!

ደብረ ብርሃን ስናድግ ጠጉር የሌለበት ቦታ አልነበረም። አባታችን በልጅነታችን ነው የሞተው። እናታችን ጠጉር እየፈተለች የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሸምኑ ባና ሠሪዎች በመሸጥ አሳደገችን፤ ወጡ ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ አንዳንዴ ጥርሳችን ውስጥ ሳይቀር ጠጉር እናገኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ እኔ ከተፈተለው ክር ክምር ውስጥ ገብቼ እሞቅ ነበር። እናቴ ግን ክሯን እንደማበላሽባት እንጂ እንደምሞቅ አይታያትም።

ታላቅ ወንድሜን ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። ገና ሕፃን ሳለ አንኮበር ቄስ አያታችን ዘንድ ተልኮ ከበሮና ዝማሜ ተምሯል። ኋላ ለዘመናዊው ትምህርት ወደ እኛ ተመለሰ እንጂ እጆቹ አብረውት አልተመለሱም። ገበታው ላይ፣ ደፉ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሌላ ካጣ የእኔ ጭንቅላት ላይ ይመታል። እናቴ «ይኼን ልጅ ዜማ ይማር ብዬ ብልከው ምቱን ብቻ ይዞልኝ መጣ» እያለች ታማው ነበር፤ ስታማው ግን ፊቷ ይስቃል።

የእኛን ጨዋታ ያመጣልን አጎታችን ነው። መንግሥት ለሥልጠና ወደ አንድ ሶሻሊስት አገር ልኮት ሲመለስ፣ ለእናቴ ሻርፕ፣ ለእኛ ይህን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የእጅ ጨዋታ ይዞ መጣ። ከአንድ ሳሙና ብዙም አይተልቅም። በመስታወቱ ውስጥ አራት ዶሮዎች በአራት ቆጥ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከመሐል ቅርጫት የያዘች ሴትዮ ቆማለች። እንቁላሉ ከየቆጡ እየተንከባለለ ይመጣል፤ አንተ በአራት ቁልፍ ሴትዮዋን ወዲህና ወዲያ እያልክ ታስለቅማለህ። ሦስት ከጣልክ አለቀልህ። አጎቴ ሲሄድ «ለረጅም ጊዜ ካልተጫወታችሁበት ድንጋዩን አውጡለት» ብሎ ነበር፤ ማን ሰምቶት! እኛ ዶሮዎቹ ላይ አፍጥጠናል።

እኔ በዓይኔ እጫወት ነበር። ፍጥነቱ ሲጨምር ዓይኔ ከዶሮ ዶሮ ሲባክን ሦስቱ እንቁላል ይፈጠፈጣል፤ አኮርፋለሁ። አንድ ቀን ወንድም ጋሼ በመዳፉ ዓይኔን ሸፈነኝ።

«በዓይንሽ አትጫወቺ» አለኝ፤ «ስሚያቸው። ግራ ላይኛዋ ዶሮ ቀጭን ናት፣ ቀኝ ታችኛዋ ጎርናና። እያንዳንዷ የራሷ ድምፅ አላት። እግርሽን ብቻ ምቺ፣ እጅሽ ራሱ ይሄዳል።»

መጀመሪያ አላመንኩትም። እሱ ግን ፊቱን ወደ ጣራው አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በማኅሌት እንደሚዘም ሰው ወዝወዝ እያለ ይጫወታል፤ አንዲት እንቁላል አትወድቅበትም። እያደር እኔም ለመድኩት። እሱ እግሩን ይመታልኛል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እለቅማለሁ። እናቴ እንዝርቷን እያሾረች «ይቺ ሴትዮ ግን ቤት የላትም? ቀኑን ሙሉ እንቁላል!» ትላለች። እንዝርቷ ራሱ በእኛ ምት መሾር እንደጀመረ ያስተዋልን እኔና ወንድሜ ብቻ ነን፤ ተጠቃቀስን። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን የሳቅኩበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት እናቴ እጇን ዘረጋች።

«በሉ አምጡ።»

«ምኑን እማዬ?»

«እንቁላሉን ነዋ።»

ወንድም ጋሼ ሳቁ አመለጠው። «እማዬ፣ ይኼ እኮ አይበላም!»

«ሆድ ብቻ ነው እንዴ የሚፆመው? አንተ የአንኮበሩ፣ ከበሮው እንኳ ለፆሙ ዝም ብሎ የለም? እቤቴ ውስጥ ዶሮ ስታስጮህ ልትከርም ነው?»

ከበሮ በሁዳዴ እንደማይመታ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? እናቴ ጨዋታውን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከቅቤው ቅል አጠገብ አስቀመጠችው። «የፍስክ ነገር ከፍስክ ጋር» ብላ ቆለፈችበት። እኛም ሳቅን። ፋሲካ የት ይሄዳል ብለን።

ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ ግን የቀበሌው ሰው መጣ። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሏል፤ የፋሲካ ሰሞን ይሄዳል። እናቴ አላለቀሰችም። ፆሙን አጠበቀችው እንጂ። ዘይት ተወች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ እንዝርቷ እጇ ላይ ቆሞ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔ የታየኝ ሌላ ነው፦ ወንድሜ ሊሄድ ነው፣ ጨዋታው ሳጥን ውስጥ ነው። ለጥቂት ቀን እንኳ አብሬው ልጫወት ብዬ ቀሚሷን ይዤ ለመንኳት።

«ፆሜን አታስፈርሺኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። ጮኻብኝ አታውቅም ነበር። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «እሱን ያስቀርልኛል ብዬ ነው የያዝኩት። በእንቁላል ላፍርሰው?»

ወንድም ጋሼ በኋላ ደጅ ላይ አገኘኝ። «ተያት» አለኝ። «ለፋሲካ ይደርሳል። ያኔ አብረን እስኪታክትሽ ድረስ።»

ፋሲካ ደረሰ። ጠዋት ዶሮው ተበልቶ እጃችንን ስንታጠብ እናቴ ሳጥኑን ከፈተች፤ ቤቱ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። ጥቅሉን በሁለት እጇ አምጥታ ለወንድሜ ሰጠችው። ፈታው። ዶሮዎቹ የሉም። ሴትዮዋ የለችም። ባዶ መስታወት ነው። ዕቃው ማጥፊያ አልነበረውም፤ ለካ እኛ ስንፆም እሱ ጨለማ ውስጥ ሰዓት እየቆጠረ ድንጋዩን ጨርሶታል።

«ምን አደረግኩት?» አለች እናቴ። «እንዳይበላሽ ብዬ እኮ ነው የጠቀለልኩት።»

በማግስቱ ወንድሜ ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ወሰደው። ጠጋኙ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክለውን ድንጋይ በጣቱ እያገላበጠ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ አገር አይቼ አላውቅም አለው። ሲመለስ እናቴ እንዝርቷን ጉልበቷ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ፆሙ ወንድሜን አላስቀረላትም፤ እኛንም የቀረችንን ጨዋታ ነሥቶናል። ያንን ሁሉ ፊቷ ላይ አነበብኩት። እሱም አንብቦታል መሰለኝ፣ ባዶውን የዘይት ቆርቆሮ ጉልበቱ መሐል አስገብቶ ተቀመጠ።

«ከበሮው ከፆም ወጥቷል» አለ። «ነይ አንቺ፣ የጎረቤት ልጆችን ጥሪ።»

አራት ልጆች በቤቱ አራት ማዕዘን፣ በርጩማና መደብ ላይ ቆመን ዶሮ ሆንን። በእጃችን የእናቴ የክር ድቡልቡል አለ፤ እሱ ነው እንቁላሉ። ቆርቆሮው ጠርዙ ሲመታ አንደኛዋ ትጥላለች፣ ሆዱ ሲመታ ሌላዋ፣ ወለሉ ሲመታ ሌላዋ፣ መደቡ ሲመታ እኔ። የጎደለችው መሐል የምትቆመዋ ሴትዮ ናት። ወንድሜ እናቴን ቀና ብሎ አያት።

«ተነሺ እማዬ። ቀሚስሽን ዘርጊ። በዓይንሽ ሳይሆን በጆሮሽ።»

«ወግድ እቴ! በሽምግልናዬ?» አለች። ተነሣች ግን። የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ዘረጋች፤ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ቀስ ብሎ ጀመረ። ወዲህ ዞራ ተቀበለች፣ ወዲያ ዞራ ተቀበለች፤ እሱ ሲያፈጥን እሷም ፈጠነች። ከዚያ የቀበሌው ሰው ከመጣ ወዲህ ያልሰማነው ሳቋ መጣ፣ ልጅ የሚስቀውን ዓይነት ሳቅ፤ እንባዋም ከሳቁ ጋር አብሮ ወረደ። አንዱ ክር ወደቀባት። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው።

«አንድ ይቀርሻል እማዬ!» አልኩ ከመደቡ ላይ።

ወንድም ጋሼ መምታቱን አቆመ። እጁ ቆርቆሮው ላይ እንዳረፈ ቆየ።

«ይብቃ» አለ። «ቀሪውን ስመለስ።»

ተነሥቶ የወደቁትን ክሮች ለቅሞ ቀሚሷ ውስጥ ጨመረላት። ከሁለት ቀን በኋላ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፤ በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ የነበረበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። እሱ አልመጣም፣ መርዶውም አልመጣም። እናቴ በዘይት ቆርቆሮው ዳግመኛ ዘይት አልቀዳችበትም። ጨዋታውን በነጠላ ቁራጩ ጠቅልላ መልሳ ከቅቤው ቅል አጠገብ አስቀመጠችው፤ ድንጋዩን ግን አውጥታ።

አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ዓይኗ ደክሟል፤ ፆሟን ግን ማንም አያስተዋትም። ባለፈው ዓርብ ልጄ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያቺን አራት ማዕዘን ያዘልላል፤ ጢቅ ጢቅ ጢቅ። እሷ ሶፋው ላይ ያንቀላፋች መስሎኛል።

«አጥፋው» አልኩት በሹክሹክታ፤ «ሁዳዴ ነው፣ አያትህ ትቆጣለች።»

«ተይው ይጫወት» አለች እናቴ።

ዓይኗን አልገለጠችም። የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ጉልበቷ ላይ ዘርግታዋለች።

«እኔም አንድ ይቀረኛል» አለች።