ቅቤውን ለእኔ ተወው

ቆቦ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ እፀገነትን ይፈራታል። አዎ፣ ይፈራታል! ትራፊክ ሲያስቆመው እንኳ ሳቅ ሳቅ የሚለው ሹፌር እሷ ዘንድ ሲደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ ቁልፉን ከቀበቶው ይፈታል፣ ስልኩን ከኋላ ኪሱ ያወጣል። ካላወጣ አታስተናግደውማ! «ወንበሩን በኪስህ ብረት ስታርሰው ትከርምና መጥተህ አድሺው ትለኛለህ» ብላ ታባርረዋለች። እኔ ፀዲ ከላቫጆው አጠገብ ሻይና ፓስቲ እሸጣለሁ። እሷ ከምትሠራበት የኒም ዛፍ እስከ እኔ ምድጃ ድረስ ጮክ ብሎ ያወራ ሰው ሁሉ ይሰማል፤ ስለዚህ የምነግራችሁን በዓይኔ አይቻለሁ። ያላየሁትንም ጠይቄ ነው።

ሥራዋ የመኪና የቆዳ ወንበር መንከባከብ ነው። ማጠብ ብላችሁ ደግሞ እሷ ፊት እንዳትናገሩ! ድሮ ላቫጆው ውስጥ ወንበሩን በጎማ ውሃ ይለቁበት ነበር፤ ሲደርቅ ደግሞ እንዲያብለጨልጭ የተቃጠለ ዘይት ያሹበታል። በቆቦ ፀሐይና በቆቦ አቧራ ላይ ዘይት ሲጨመር አስቡት። ሹፌሩ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ይገባል፣ ጥቁር ጀርባ ይዞ ይወርዳል፤ ቆዳውም ክረምት ሳይመጣ እንደ ደረቀ መሬት ይሰነጣጠቃል። እፀገነትም ያኔ እዚያው መኪና አጣቢ ነበረች። አንድ ቀን አልቻለችም፤ «ይሄ እኮ ቆዳ ነው!» ብላ ጮኸችባቸው፣ ባልዲዋን አንስታ ወጣች፣ ከዛፉ ሥር ሁለት ቆርቆሮ አቁማ የራሷን ጀመረች። ሰዉ ሳቀባት። «የወንበር ሐኪም» አሏት። እሷ ግን ወይ ፍንክች!

ቤተሰቦቿ ድሮ ከማይጨው በኩል የመጡ ናቸው። አባቷ ጋሽ ብርሃነ የበቅሎ ኮርቻ ይሠሩ ነበር፤ ቆዳን ያወቀችው እሳቸው እግር ሥር ተቀምጣ ነው። ኮርቻ ፀሐይ ላይ ጥሎ የሚውል ሰው ካዩ ከደንበኛቸው ጋር ይጣሉ ነበር አሉ። ይሄ የሷ ቁጣ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ? ቆዳውን መጀመሪያ በእጇ ጀርባ ትነካዋለች፣ ቀጥላ ታሸተዋለች፣ ከዚያ እውነቱን ትናገራለች። አንዱ የጎብዬ ሰውዬ አዲስ ባስለበሰው ወንበር ሲኮራባት «ወንድሜ፣ ይሄ ፕላስቲክ ነው፤ ተታለሃል» ብላው ለስንት ጊዜ ሰላምታ ነፍጓት ነበር። በኋላ ተመልሶ መጣ፤ የት ይሄዳል?

እንግዲህ ስለ እሷ አንድ ነገር ብቻ ንገሪን ብትሉኝ የምነግራችሁ የኡበይድን ነገር ነው።

ኡበይድ ጎረቤቴ ነው፤ ጤፍና ማሽላ የሚጭን ነጋዴ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እንዲያውም እጁ ለጋስ ነው፤ ግን ዕቃ ሲወድ አይጣል ነው! የሳሎኑ ሶፋ እስከ ዛሬ አንሶላ ለብሷል። አምና ቡናማ የቆዳ ወንበር ያላት ነጭ መኪና ገዛ። ወንበሩ ተጠቅልሎ የመጣበትን ላስቲክ ግን አልገፈፈውም፤ አዲስነቱ ይቆይ ብሎ ነው። በዚህ ሐሩር! በርግጥ እሱ ብቻ አይደለም፤ በዚህ አገር አዲስ ወንበር የገዛ ሁሉ ላስቲኩን ከልጁ እኩል ነው የሚጠብቀው።

እናቱ እማማ ሀሊሜ አንድ ታናሽ እህት አለቻቸው፣ ዘሊካ የምትባል፤ ዋጃ ነው የምትኖረው። እሷ ታማ አልጋ ያዘች። ኡበይድ እናቱን በአዲሱ መኪና ሊወስዳቸው ተነሳ። እማማ ሀሊሜ ቀሚሳቸውን ቀየሩ፣ ጠጉራቸውንም እንደ ወጉ ለጋ ቅቤ ተቀቡ። ልጅየው አያቸውና ደነገጠ።

«እማ፣ ቅቤው ለዛሬ ቢቀር?»

«ታማሚ ዘንድ ሳልቀባ ብሄድ ለለቅሶ የመጣሁ አይመስላትም? ምን ነካህ!»

እውነታቸውን ነው። እኛ አገር ጠጉሯን ያልተቀባች እናት ሐዘን ላይ ናት። እሱ ግን ሮጦ ሌላ ላስቲክ አመጣና የራስ መደገፊያው ላይ በፕላስተር ለጠፈው። እማማ አዩትና ገቡ። ገና ከሰፈሩ ሳይወጡ የመቀመጫው ላስቲክ አላባቸው፤ መታጠፊያው ላይ ደግሞ እንደ ሳሙና አንሸራቶ ከበሩ ጋር አጋጫቸው። «አቁም!» አሉ። ወረዱ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማቸው፦

«አንተን አዝዬ ስዞር ጀርባዬ ላይ ላስቲክ አንጥፌ ነበር? ስንቴ ሸንተህብኛል! ወላሂ፣ ይሄ ላስቲክ እዚህ መኪና ላይ እስካለ ድረስ አልቀመጥበትም!»

በቃ። ሚኒባስ ላይ ለመውጣት ጉልበታቸው አይፈቅድም፤ በባጃጅ ያን ያህል መንገድ ደግሞ ለሳቸው ዕድሜ መከራ ነው። ዘሊካ በመጣ በሄደው ሰው «እህቴ ምነው ቀረች? ሳላያት ልሂድ?» እያለች ትልካለች። እማማ ሀሊሜ በራቸው ላይ ተቀምጠው አስፋልቱን ያያሉ። ኡበይድ ያን መኪና ያጥባል፣ ይወለውላል፣ ያቆማል። እኔ ባልፍ ባገድም ንድድ ይለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ራሱ እፀገነት ዘንድ መጣ። ስለ እናቱ አይደለም፤ መኪናው ውስጥ መጥፎ ሽታ ገብቶበት ነው። ላስቲኩን በጥፍሯ ጫፍ ቀስ ብላ ገለጠችው። ከሥሩ ቆዳው አልቦት ነበር፤ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጥቶበታል፣ መታጠፊያው ላይ እንደተጨመቀ ልብስ ተጨማዷል።

«ሰው ሳይቀመጥበት እንዴት ይጨማደዳል?» አለ ኡበይድ።

«አፍነህ ገደልከዋ! ቆዳ አየር ይፈልጋል። ላስቲኩ ሙቀቱንም ላቡንም ይዞ ቀቀለው።»

«ብገፍፈው ደግሞ ያልቃል።»

«ሳትገፍፈው አይደል እንዴ ያለቀው?»

እኔ አፌ አያርፍ፣ ከምድጃዬ ሆኜ የእማማን ነገር ዘረገፍኩት፤ ቅቤውን፣ መሐላውን፣ የዘሊካን መልእክት። ኡበይድ ፊቱ ጠቆረ። እፀገነት ግን ጨርቋን አስቀመጠችና «እናትህ ልክ ናቸው» አለችው። «እዚህ ላስቲክ ውስጥ የታፈነው ቆዳው ብቻ አይደለም፤ እሳቸውም ናቸው።» ሰውየው በሩን ዘግቶ አቧራውን አስነስቶብን ሄደ። ደንበኛ አባረርሽ ብላት «ይመጣል» አለችኝ።

መጣ። ዘሊካ እህል መብላት አቆመች ተብሎ ከዋጃ ተደውሎ ነበር። ከመኪናው ወርዶ ቆመ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ግፈፊው» አላት። ከዚያ ደግሞ በቀጭን ድምፅ፣ «ቅቤውስ?»

«ቅቤውን ለእኔ ተወው።»

ያን ቀን ስትሠራ ብታዩዋት! መኪናውን ጥላው ሥር አስገባች፣ በሮቹን ሁሉ ከፈተች፣ ላስቲኩን ገፈፈችና ቆዳው እንዲተነፍስ ተወችው። ቀለበቷን አወለቀች። በለስላሳ ብሩሽ ከየስፌቱ ውስጥ አሸዋውን አወጣች፤ አሸዋ ቆዳን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው ትላለች። በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ፣ የሳሙናውን አረፋ ብቻ፣ ወዲያው ደግሞ ደረቅ ጨርቅ። ሌላው ቢሆን ለማፋጠን ፀሐይ ላይ ባወጣው ነበር፤ እሷ በጥላ አደረቀችው። ከዚያ የቆዳውን ክሬም በጣቷ ጫፍ እየነካች፣ የተጨማደደውን ከመሃል ወደ ዳር እየዳበሰች፣ ታማሚ የምታሽ ነበር የምትመስለው። መስመሩ ሁሉ አልጠፋም፤ እሷም ይጠፋል ብላ አልዋሸችም። «የተሰበረ ተሰብሯል፤ ከእንግዲህ ግን አይብስበትም። ጥላ ሥር አቁም፤ ስትወርድ ተነስተህ ውረድ እንጂ እየተንሸራተትክ ቆዳውን አትፈግፍገው» አለችው። እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ሻዩ ቀዘቀዘ። እጇን ሳይ፣ እንዴት ያለች ሴት ናት አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ሰማችኝ፣ «ሻዩን አምጪ ባክሽ» አለችኝ።

ከዚያ እጇን ታጥባ ራሷ እማማ ሀሊሜ ዘንድ ሄደች። ተከተልኳት እንጂ፣ ምን ልቀር!

«እማማ፣ ላስቲኩ ወልቋል። መሐላዎም አይነካም። ይነሱ፣ ዋጃ ይሂዱ።»

«ቅቤ ተቀብቻለሁ፣ ልጄ።»

«ደግ አደረጉ። እንደተቀቡ ይሂዱ።»

«የልጄ ዕቃ ቢበላሽስ?»

«ማሽላ ዱቄት አለኝ። ሲመለሱ ቅቤው ላይ እነሰንሰዋለሁ፣ ዱቄቱ ይጠጣዋል፣ እጠርገዋለሁ። እኔ ምን ልሠራ ነው የተቀመጥኩት?»

እማማ አዩዋት። «አላህ ያክብርሽ» አሉና ምርኩዛቸውን ፈለጉ። ቢስሚላህ ብለው ሲገቡ ኡበይድ በሩን ይዞላቸው ነበር።

አመሻሽ ላይ ተመለሱ። አልሀምዱሊላህ፣ ዘሊካ በሕይወት ነበረች፤ እህቷን አይታ ተነስታ አጥሚት ጠጥታለች። ኡበይድ እናቱን ቤት አድርሶ፣ ፊቱ በርቶ እፀገነት ዘንድ መጣ። «ነይ እይው! ጠብታ የለበትም! ዱቄትሽን ቆጥቢ።»

እፀገነት ጎንበስ ብላ ወንበሩን አየች። የራስ መደገፊያውን በእጇ ጀርባ ነካችው፣ ጀርባውን ዳሰሰችው፣ መቀመጫውን ተጭና አየችው። ብዙ ቆየች። እኔ እንኳ ቅር አለኝ። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም።

«እናትህ አልተደገፉም» አለችው።

«እንዴት?»

«ጀርባው ላይ ክሬሙን ስቀባ የተውኩት ልስላሴ እንዳለ ነው፤ ልብስ አልነካውም። የተጫነው ጫፉ ብቻ ነው፣ እዚህ ጋ። ደርሰው እስኪመለሱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ነው የተቀመጡት፣ አንገታቸውን ይዘው። ወንበርህን እንዳያበላሹብህ።»

ኡበይድ ወንበሩን አየ። ያን ግዙፍ ሰው ጆንያ ሲሸከም እንጂ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። በሩን ይዞ አለቀሰ። «በመስታወት አይቻቸው ነበር» አለ። «ቀጥ ብለው ሳያቸው መንገዱን እያዩ ነው መስሎኝ። ደስ ብሏቸው መስሎኝ!» እፀገነት ዱቄቱን ከድና አስቀመጠችው።

በሚቀጥለው ዓርብ ከሶላት በኋላ እንደገና ዋጃ ሄዱ። የሆነውን እማማ ራሳቸው እየሳቁ ነው የነገሩኝ። ከከተማው እንደወጡ ኡበይድ መኪናውን ዳር ይዞ አቆመ፣ ወረደ፣ በእሳቸው በኩል ያለውን በር ከፈተ፣ ራሳቸውን በሁለት እጁ ይዞ «እማ፣ በአላህ ተደገፊ» አላቸው። እምቢ አሉ። «ካልተደገፍሽ እዚሁ ነው የምናድረው» አለ። ተደገፉ። ተደግፈውም እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዋጃ ሲደርሱ ነው የቀሰቀሳቸው።

ሲመለስ ያን መኪና ከሩቅ ጥሩምባ እየነፋ ነው የመጣው፤ ሠርግ መስሎኝ ብርጭቆ ይዤ ወጣሁ። በሩን ከፍቶ «እፀገነት! ነይ እይ!» አለ። የራስ መደገፊያው ላይ የእናቱ ጠጉር የተወው የቅቤ ክብ ነበር፣ የጉንጉኑ መስመር ሳይቀር ይታያል። ሰውየው ለላስቲኩ ያልቆመለትን ያህል ለዚያ እድፍ ቆመለት።

እፀገነት ዱቄቷን ይዛ ስትመጣ እጁን ዘረጋ። «አትንኪው። ይቆይልኝ።»

«ይቆይልኝ?» አለችው፣ ያ የምታውቁት ቁጣዋ መጣ። «ሰውዬ፣ ማስታወሻ የሚቀመጠው ለሌለ ሰው ነው። እናትህ አሉ እኮ!»

ገፋ አደረገችውና ዱቄቱን ነሰነሰችው። ዱቄቱ ቅቤውን እስኪጠጣ ጠበቀች፣ በደረቅ ጨርቅ ጠረገችው፣ ክሬሟን በስሱ አስነካችው። ቆዳው እንደ ጥዋቱ ሆነ። ኡበይድ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ይስቃል።

«በል ሂድ» አለችው፣ «ሌላ አምጣ።»

በሳምንቱ አመጣ።