ሳይፈረም የማይሰጥ ፖስታ

ሰበታ ውስጥ ጥሩሰውን የማያውቅ የለም። አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ተላላኪ ነው፤ አረማመዱን ያየ ግን አምባሳደር ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ለየሚኒስቴሩ ደብዳቤ አድርሷል። አንድ ፖስታ አልጠፋበትም፣ የማስረከቢያ ደብተሩ ላይ አንድ ስርዝ የለም። ሳያስፈርም ለእናቱም አይሰጥ!

ዓርብ ዕለት ግን አንድ ሚኒስቴር ሲደርስ መዝገብ ቤቱ ተዘግቷል። ቢሮ ለመመለስ ታከተውና የታሸገውን ፖስታ ይዞ ቤቱ ገባ። ክልክል ነው፤ ከተነቃበት ጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው ይባረራል። ሰኞ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ማስረከብ አለበት።

ሰኞ ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጣ። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ምክንያት አገር የተቆጣበት ሁለት ሺህ ስምንት ነው፤ ዓለም ገና ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ወጣቶች የተሳፈረበትን ሚኒባስ ከበቡት።

"ቡኢ! ውረድ!"

ቦርሳው ተበረበረ። ባለማኅተሙ ፖስታ ወጣ።

"ለመንግሥት ነው! መሬታችንን ሊሸጡበት ነው!" አንዱ ክብሪት አወጣ።

ጥሩሰው የማስረከቢያ ደብተሩን አወጣ። አፉም የለመደውን ተናገረ።

"ውሰዱት። ግን ፈርሙልኝ።"

"ምን?"

"ሙሉ ስም፣ ሰዓት፣ ፊርማ። አለዚያ ጥሩሰው በላው እባላለሁ።"

ቀጄላ የሚባል አጠና የያዘ ረጅም ልጅ "ማንን ልፈራ!" ብሎ እስክሪብቶውን ነጠቀና ስሙን በቁቤ፣ በኦሮምኛው ፊደል፣ መጻፍ ጀመረ። ግማሽ ላይ ጓደኛው እጁን ያዘው።

"አብደሃል? ደብተሩ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ?"

እስክሪብቶው ለሌሎቹ ቢዘረጋ የሚቀበል ጠፋ።

"ውስጡ ምን ይላል፣ ኦቦ?" አለ ቀጄላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አልከፍትም። አጀማመሩን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ሁሌ አንድ ነው።" አገጩን ቀና አድርጎ የአለቃውን ድምፅ አወጣ። "'ድርጅቱ ለክቡር ሚኒስቴሩ ያለውን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጸ...' ሲያልቅም ያንኑ አክብሮት በድጋሚ ያረጋግጣል።"

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ቀጄላ አልሳቀም።

"መሃሉ ላይስ? እኛ አለንበት?"

"አላውቅም፣ ልጄ።"

ቀጄላ ፖስታውን መለሰለት። "ካለንበት ይድረስ። ሂድ።"

እስከ ካራቆሬ በእግሩ፣ ከዚያ በታክሲ፤ ለሦስት ሩብ ጉዳይ መዝገብ ቤት ደረሰ። ወሬ አነፍናፊው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዳኜ ሊፈርም ደብተሩን ገለጠ።

"ይሄ ግማሽ ስም የማነው? ዓለም ገና ዛሬ ተዘግቷል አሉ። ማን አስቆመህ?"

ጥግ የተቀመጠ፣ የደኅንነት ሰው ነው የሚባል ባለኮት ሰውዬ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። ጥሩሰው በሩጫ ብዛት ያንን ጽሑፍ ረስቶት ነበር።

"የኔ ነው። እስክሪብቶ ስሞክር።"

"በቁቤ?"

"ሰበታ ሃያ ዓመት ኖሬ ቁቤ ይጥፋኝ እንዴ?"

ጥሩሰው እስክሪብቶውን ከዳኜ ተቀበለና የቀጄላን ግማሽ ስም ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዘው። የመጀመሪያ ስርዙ ነው። አጠገቡ የራሱን ስም ጽፎ ፈረመና ደብተሩን ወደ ዳኜ ገፋው።

"በል እዚህ ጋ። ሙሉ ስም።"